የሴቶች የሮለር ዴርቢ ብሔራዊ ቡድንና የዓለም ዋንጫ ውድድር

አንድ የስፖርት ቡድን ብሔራዊ ተብሎ ሲጠራ በሐሳባችን የሚመጣው መንግሥት የመደበለት ገንዘብ፣ ፌዴሬሽን የሾመለት አሠልጣኝና በሹማምንት ፊት የተረከበው ሰንደቅ ዓላማ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን ከዚህ ልማድ ውጭ የቆመ ስፖርት ነው፤ ይኸውም የሴቶች ሮለር ዴርቢ ነው። በዚህ ስፖርት በአገራቸው ስም የሚሰለፉት ሴቶች በአመዛኙ የጉዞ ወጪያቸውን ራሳቸው የሚከፍሉ፣ ማኅበራቸውንም ራሳቸው የሚያስተዳድሩ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄአችን፣ መንግሥት ያላቆመውን ቡድን ብሔራዊ የሚያሰኘው ምንድን ነው የሚል ነው። መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ የጨዋታውን ታሪክ፣ ቀጥሎም ሕጉን፣ በመጨረሻም ከ2011 እስከ 2018 የተደረጉትን ሦስት የዓለም ዋንጫ ውድድሮች እንመለከታለን። ዘመናቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ጨዋታው የተጀመረው በአሜሪካ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው። ሊዮ ሴልትዘር የተባለ የትርኢት አዘጋጅ በነሐሴ ወር 1935 በቺካጎ ከተማ አንድ ወንድና አንዲት ሴት እየተጣመሩ በባለመንኰራኵር ጫማ ብዙ ሺህ ዙር የሚሽከረከሩበትን ውድድር ለሕዝብ አቀረበ። ተመልካቹ ግን ከርቀቱ ይልቅ በተጫዋቾቹ መጋፋትና መውደቅ እንደሚደሰት ስለ ታየ፣ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግፊያው ራሱ የጨዋታው ሕግ ሆነ። ሴቶች ከወንዶች ጋር በአንድ ቡድን ሆነው በአንድ ዐይነት ሕግ መጫወታቸው በዚያን ጊዜ እምብዛም ያልታየ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ የጨዋታው ባለቤት ነጋዴው እንጂ ተጫዋቾቹ አልነበሩም። ስለዚህም የሴልትዘር ቤተ ሰብ ድርጅቱን በ1973 በዘጋ ጊዜ፣ ተጫዋቾቹ ጨዋታውን የሚያቆዩበት ሥልጣን አልነበራቸውም። ከዚያም በኋላ ለቴሌቪዥን ትርኢት ሲባል የተደረጉት ሙከራዎች አልጸኑም።

ጨዋታው እንደገና የተነሣው በ2001 በቴክሳስ ግዛት በኦስቲን ከተማ ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮች ተለውጠው እናገኛለን። አንደኛ፣ ጠርቶ የሰበሰባቸው ሰው ትቷቸው ሲሄድ ሴቶቹ ሥራውን በራሳቸው እጅ ያዙ። ሁለተኛ፣ ጥቂት ቈይቶ ከመካከላቸው የተለዩ ተጫዋቾች፣ በውድ ዋጋ በሚሠራው ዘመም ያለ መም ፈንታ በጠፍጣፋ ወለል ላይ መጫወት ጀመሩ። መም የምንለው ተጫዋቾቹ የሚሽከረከሩበትን ሞላላ መንገድ ነው። ጠፍጣፋው መም በማንኛውም ሰፊ አዳራሽ ወለል ላይ በገመድና በማጣበቂያ ፕላስተር ሊሠመር ስለሚችል፣ ሀብታም አዘጋጅ ሳይጠበቅ በየከተማው ማኅበር ማቋቋም ተቻለ። እነዚህ ማኅበራት ከ2004 ጀምሮ በአንድነት መመካከር ጀመሩ፤ ከዚህም የሴቶች የጠፍጣፋ መም ዴርቢ ማኅበር ተመሠረተ። የማኅበሩ መሠረታዊ ሐሳብ ጨዋታው በተጫዋቾቹ መመራት አለበት የሚል ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሕጉ እንለፍ። ጨዋታው 60 ደቂቃ ሲሆን ለሁለት የ30 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይከፈላል። እያንዳንዱም ክፍለ ጊዜ ጃም በሚባሉ፣ ከሁለት ደቂቃ በማይበልጡ አጫጭር ግጥሚያዎች የተከፋፈለ ነው። አንድ ቡድን ለአንድ ጨዋታ 15 ሴቶች ቢያስመዘግብም በአንድ ጊዜ በመሙ ላይ የሚሰለፉት አምስት ናቸው። በራስ ቍሯ ላይ የኮከብ ምልክት ያደረገችው ጃመር ትባላለች፤ ነጥብ የምታስቈጥረውም እርሷ ብቻ ናት። የቀሩት አራቱ ከልካዮች ናቸው። ከእነርሱም አንዷ ፒቮት ተብላ የመስመር ምልክት ታደርጋለች፤ ጃመሯ በተያዘች ጊዜም ኮከቡን ተቀብላ ልትተካት ትችላለች።

ፊሽካ ሲነፋ የሁለቱ ቡድን ጃመሮች በከልካዮቹ መካከል ሾልከው ለማለፍ ይታገላሉ። የመጀመሪያው ማለፍ ነጥብ የለውም፤ ነገር ግን ሕግ ሳትጥስ ቀድማ የወጣችው ቀዳሚ ጃመር ትሆናለች። ከዚያ በኋላ መሙን ዞራ ስትመለስ፣ ባለፈቻት በእያንዳንዷ የባላጋራ ከልካይ አንድ ነጥብ ታገኛለች። ቀዳሚዋ ጃመር እጆቿን በዳሌዋ ላይ ደጋግማ በመምታት ጃሙን በፈለገችው ጊዜ የማስቆም መብት አላት። በትከሻና በዳሌ መግፋት የተፈቀደ ነው፤ በክርን መምታት፣ ጀርባ መግፋትና እግር ማደናቀፍ ግን ያስቀጣል። የተቀጣችው ተጫዋች 30 ሰኮንድ ከመሙ ውጭ ትቀመጣለች፤ ሰባት ጊዜ ከተቀጣች ደግሞ ከጨዋታው ትሰናበታለች።

ከዚህ ሕግ ለጥያቄአችን የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮችን እናስተውላለን። አንደኛው፣ ከልካዮቹ የባላጋራን ጃመር እያገዱ በዚያው ቅጽበት ለራሳቸው ጃመር መንገድ መክፈት አለባቸው። ይህም የሚገኘው አብሮ ብዙ ጊዜ በመለማመድ ነው። ሁለተኛው፣ ቀዳሚዋ ጃመር ነጥቧን ሰብስባ ባላጋራዋ ሳታስቈጥር ጃሙን ልታስቆም ስለምትችል፣ በችሎታ ያለው ትንሽ ልዩነት በየጃሙ እየተደጋገመ በመጨረሻ ታላቅ የነጥብ ልዩነት ይሆናል። እንግዲህ ከየከተማው ተሰብስቦ ለጥቂት ቀናት ብቻ አብሮ የሚለማመድ ብሔራዊ ቡድን፣ ጥንካሬውን ይዞ የሚመጣው ከየከተማው ማኅበር ነው ማለት ነው።

የዓለም ዋንጫው ታሪክ ይህን ያረጋግጣል። የመጀመሪያው ውድድር በታኅሣሥ ወር 2011 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ተደረገ። ያዘጋጀው መንግሥት ሳይሆን ብለድ ኤንድ ተንደር የተባለ የስፖርቱ መጽሔት ነበር። 13 ቡድኖች ተሰለፉ፤ በፍጻሜው አሜሪካ ካናዳን 336 ለ 33 አሸነፈች። ሁለተኛው በ2014 በአሜሪካ በዳላስ ከተማ ሲደረግ የቡድኖቹ ቍጥር 30 ደርሶ ነበር፤ በዚያም አሜሪካ እንግሊዝን 291 ለ 105 ረታች። ሦስተኛው በየካቲት ወር 2018 በእንግሊዝ በማንቸስተር ከተማ 38 ቡድኖች የተገኙበት ሲሆን፣ በፍጻሜው የተሸነፈችው አውስትራልያ ነበረች።

በሦስቱም ጊዜ ያሸነፈችው አሜሪካ ስለ ሆነች፣ አንባቢው የተለወጠ ነገር የለም ሊል ይችላል። ነገር ግን የነጥቡ ልዩነት በመጀመሪያው ፍጻሜ 303፣ በሁለተኛው 186 እንደ ነበረ እናስታውስ። ከዚህም በላይ ከማንቸስተሩ ውድድር ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ2017 የሜልበርን ከተማ የቪክቶሪያ ማኅበር የከተማ ማኅበራትን የበላይነት ሻምፒዮና በማሸነፍ ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያው ባለድል ሆነ። የአውስትራልያ ብሔራዊ ቡድን ለፍጻሜ የደረሰው የከተማው ማኅበር ከበረታ በኋላ ነው። ሥሩ ሳይጠነክር ቅርንጫፉ አያፈራም።

በማንቸስተር የታየ ሌላም ነገር አለ። ከ38ቱ መካከል በአንድ መንግሥት ወሰን ያልተከለሉ ቡድኖች ነበሩ፤ የነባር ሕዝቦች ቡድን፣ የአይሁድ ቡድንና የዌስት ኢንዲስ ቡድን ይገኙባቸዋል። የነባር ሕዝቦች ቡድን አባላት ከየሕዝባቸው ተውጣጥተው፣ የአሜሪካን ወይም የሌላ አገርን ስም ሳይሆን የራሳቸውን ስም ይዘው ተሰለፉ። እንዲህ ያለ ሰልፍ የተቻለው የመግቢያው በር በመንግሥታት እጅ ስላልነበረ ነው ብለን እናምናለን።

ሆኖም የነገሩን ሌላ ገጽ መሸፈን አይገባንም። በመንግሥት አለመታሰር ነጻነት ቢሆንም፣ ነጻነቱን የሚከፍለው የተጫዋቿ ኪስ ነው። ጫማው፣ የራስ ቍሩ፣ የጉልበት መከላከያው፣ ከሁሉም በላይ የአውሮፕላን ቲኬቱ ገንዘብ ይጠይቃል። እንደ ዕቁብና እንደ ማኅበር በመዋጮ የሚሄድ ሥራ አባላቱ ካላቸው በላይ አይሄድም። ስለዚህ የአሸናፊዎቹ ስም ዝርዝር የችሎታን ብቻ ሳይሆን የሀብትንም መጠን ያሳያል። የመንግሥት ድጋፍ ይህን ሸክም ሊያቀል ይችላል፤ ነገር ግን ከገንዘቡ ጋር ሥልጣኑም ወደ ሌላ እጅ እንዳይሄድ ያሠጋል። የ1973ቱ መዘጋት ለዚህ ሥጋት በቂ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ላነሣነው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። የሮለር ዴርቢን ቡድን ብሔራዊ የሚያሰኘው ከላይ የተሰጠ ፈቃድ ሳይሆን፣ በየከተማው አዳራሽ ወለሉን በፕላስተር እየሠመሩ የሚለማመዱ ሴቶች አንዱን ስም የራሳችን ነው ብለው መያዛቸውና ዋጋውንም መክፈላቸው ነው። ሌሎች ስፖርቶችን የሚያጠኑ ጓደኞቻችንም፣ የአንድን ብሔራዊ ቡድን ውጤት ከመመዘናቸው በፊት፣ ቡድኑ የማን ነው ብለው ቢጀምሩ የበለጠ ያስተውላሉ ብለን እናስባለን።