ምሰሶ ላይ ስለሚወጣው ሰው፦ ተረትና እውነታ

ወልድያም ሆነ መርሳ ላይ መብራት ሲጠፋ የሚወቀሰው «መብራት ኃይል» ነው። ተቋሙ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል፤ አመንጭቶ የሚያስተላልፈው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ የሚያከፋፍለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሆኗል። በሕዝቡ አፍ ግን ስሙ ያው ነው። ስለ ሠራተኛውም የሚወራው ሁሉ እውነት አይደለም።

ተረት፦ መብራት ከጠፋ መስመሩ አይነዝርም።
እውነታ፦ የአንድ ሱቅ ጄኔሬተር ከመስመሩ ሳይለይ ከተነሣ፣ 220 ቮልቱ ወደ ኋላ ሄዶ በሰፈሩ ትራንስፎርመር በኩል እስከ 15,000 ቮልት ሊያድግ ይችላል። የሠለጠነ ሠራተኛ ስለዚህ አስቀድሞ ያቋርጣል፣ ማንም እንዳይመልሰው ይቆልፋል፣ በመሣሪያ ይፈትሻል፣ መስመሩን ከመሬት ጋር ያገናኛል። ይህን ቅደም ተከተል ድፍረት አይተካውም።

ተረት፦ ሥልጠና ማለት አበልና ሰርተፍኬት ነው።
እውነታ፦ ተመራማሪዎቹ ባልድዊንና ፎርድ በ1988 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት፣ የተማሩት ሥራ ላይ የሚውለው የሥራ ቦታው ሲደግፈው ነው። ሠልጣኙ ወደ ሐብሩ ወረዳ ሲመለስ ፎርማኑ «እሱ የክፍል ወሬ ነው፣ ቶሎ ውጣ» ካለው፣ ትምህርቱ ምሰሶው ሥር ቀረ ማለት ነው።

ተረት፦ ጥፋትን መንገር ሁሌም ያሻሽላል።
እውነታ፦ ተመራማሪዎቹ ክሉገርና ዴኒሲ በ1996 (እ.ኤ.አ.) ብዙ ጥናቶችን ደምረው ሲያዩ፣ ከሲሶ በላይ በሚሆኑት አጋጣሚዎች አስተያየት መስጠት ውጤቱን ዝቅ አድርጎታል። በተለይ ነገሩ ከሥራው ወጥቶ ሰውየው ላይ ሲያርፍ ይጎዳል። «አንተ ዝርክርክ» ማለት ያሸማቅቃል፤ «መንጠቆው አልገባም፣ እንደገና እሰረው» ማለት ግን ያስተምራል።

ተረት፦ ደሞዝ ከጨመረ ሌላው ራሱ ይመጣል።
እውነታ፦ የሥነ ልቦና ባለሙያው ኸርዝበርግ በ1959 (እ.ኤ.አ.) ደሞዝ ቅሬታን ያበርዳል፣ ለሥራ የሚያነሣሣው ግን ውጤትና እውቅና ነው ብሎ ነበር። የሞገቱት ብዙ ናቸው። ወልድያ ግን በሰሜኑ ጦርነት ለወራት ጨልማ ስለነበር፣ መብራት ሲመለስ የሚሰማውን እልልታ ታውቃለች፤ ያንን የሰማ ሠራተኛ ድካሙ ከንቱ እንዳልቀረ ያውቃል። ቢሆንም እልልታ የላስቲክ ጓንትን አይተካም።

«አሁንም አልጨረሳችሁም?» እያልን ስንደውል ግፊቱ ምሰሶው ላይ ላለው ሰው ይደርሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚያ ላይ ሆኖ ግን መልቀም የለም። ከስልኩ ይልቅ ጄኔሬተራችን ላይ ከመስመሩ የሚለየውን ቼንጅ ኦቨር ማስገጠም ይበልጥ ያግዘዋል።