ከምደባው በፊት የሚጻፍ አንድ ገጽ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በተቃረበ ቁጥር ከወላጆች የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «ልጄ ዓይነ ስውር ናት፤ የት ትመደብ ይሆን?» የሚል። በስድስት ዓመቴ ብርሃነ ዓይኔን ያጣሁ፣ በብሬል ተምሬ በሕግ የተመረቅሁ ሰው እንደ መሆኔ መጠን የዚህን ጭንቀት ምንጭ አውቀዋለሁ፤ ነገር ግን በብዙ ዘመን ትዝብት ያረጋገጥሁት፣ የአካል ጉዳተኛን ተማሪ ዕጣ ከምደባው ቦታ ይልቅ የሚወስነው፣ ምን ምን እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ዐውቆ በገዛ አንደበቱ ለመናገር መብቃቱ መሆኑን ነው።

ይህን የተማርሁት በመከራ ነው። በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ፈተናዬ ዕለት አንባቢ ሆኖ የተሰጠኝ ተማሪ፣ ከሌላ የትምህርት ክፍል የመጣ ቅን ልጅ ቢሆንም፣ የሕግ ቃላትን አንብቦ ስለማያውቅ፣ እያንዳንዱን ጥያቄ ሦስት አራት ጊዜ እያስደገምሁት፣ አንዳንዱንም ቃል ፊደል በፊደል እያስቆጠርሁት፣ ከተሰጠን ሁለት ሰዓት የሚበልጠው በንባብ አለቀ። ስሌት የሚባለውን የብሬል መጻፊያ ሰሌዳ በወረቀቱ ላይ አጥብቄ፣ ብሬል እንደሚጻፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነጥብ በነጥብ እየወጋሁ የመልሴን ረቂቅ ስጀምር «ሰዓት አልቋል» ተባለ፤ ወረቀቱን ገልብጬ ከግራ ወደ ቀኝ በጣቴ ስዳስሰው ያገኘሁት አንድ ዐረፍተ ነገር ተኩል ብቻ ነበር። ተጨማሪ ሰዓት ለመጠየቅ አፌን አልከፈትሁም፤ መጠየቅ ልመና መስሎኝ ነበርና።

ልመና አይደለም። ዛሬ ያለው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011፣ ተቋማት በተቻለ መጠን ለአካል ጉዳተኞች የመማሪያ ክፍልን ወደሚመች ስፍራ እንዲያዛውሩ፣ አማራጭ የአፈታተን ዘዴና የትምህርት መርጃ እንዲያዘጋጁ፣ የፈተና ጊዜም እንዲያራዝሙ ይደነግጋል፤ ከምረቃ በኋላም አዋጅ ቁጥር 568/2000 ለሠራተኛው ረዳት እስከ መመደብ የሚደርስ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ነገር ግን በነጋሪት ጋዜጣ የታተመ ቃል ባለ ጉዳዩ ካልጠራው በቀር ወደ ፈተናው አዳራሽ ራሱ አይገባም።

ስለዚህ ተማሪው ገና አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ አንድ ገጽ እንዲጽፍ እመክራለሁ፤ በብሬል ነው በድምፅ ወይስ በትልልቅ ፊደል የሚያነበው፣ ፈተናውን በምን መንገድ መውሰድ ይሻላል፣ ከመኝታ ቤት እስከ ክፍል እንዴት ይሄዳል? መስማት የተሳነው ተማሪ፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ መኖሩን ዩኒቨርሲቲውን ከመምረጡ በፊት ይጠይቅ፤ ባለ ተሽከርካሪ ወንበሩ ደግሞ የወንበሩን ስፋት በሜትር ለክቶ ይጻፍ፤ «ምቹ ነው» የተባለ መጸዳጃ ቤት በሩ ጠብቦት የሚመለስ ሰው ብዙ ነውና። በልዩ ሁኔታ ለመመደብ የሚቀርብ ማመልከቻ የሕክምና ማስረጃ ስለሚጠይቅ፣ ይህንንም ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት።

የትምህርት ክፍል ምርጫን በተመለከተ፣ ዓይነ ስውሯ የመብት ተሟጋች የትነበርሽ ንጉሤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ በ2017 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት እስከ መቀበል መድረሷ ለሁላችን ክብር ነው፤ ሆኖም ሕግን የማይወድ ልጅ ዓይነ ስውር ስለ ሆነ ብቻ ወደ ሕግ መገፋቱን ኅሊናዬ አይቀበለውም።

ዩኒቨርሲቲ ከመግባት በፊት ያለው ክረምት ግን ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ቤት ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እስከ ተመደብሁበት ቀን ድረስ ልብሴን እያጠበች፣ እንጀራዬን እየቆረሰች በፍቅር አሳደገችኝ፤ እኔም ሸሚዜን ማጠብ የተማርሁት በግቢው ቧንቧ ሥር፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ከጓደኛዬ ነው። በነጭ በትር ብቻውን ሱቅ ደርሶ መመለስን፣ ኤንቪዲኤ የተባለውን በነጻ የሚገኝ፣ በኮምፒውተር ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም መጠቀምን፣ አልጋ ማንጠፍን ልጁ በእነዚህ ሦስት ወራት ሊለምድ ይችላል።

የተወደዳችሁ ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ልጃችሁን አስቀምጣችሁ ጠይቋት፤ እርሷ ትናገር፣ እናንተ ጻፉ። ገጹን ለመላክ የምትሹ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ አንብቤ እመልስላችኋለሁ።