ሰዓቱን ከቺፑ እንጠይቀው

በዚህ እትም የውጤት መዝገባችንን ከስህተት ስለምትጠብቅ አንዲት ትንሽ ቺፕ እናወጋችኋለን።

ራዝበሪ ፓይ የምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ከ5ኛው ሞዴል በፊት የወጣችው፣ መብራት ሲጠፋ የሚቆጥር ሰዓት በውስጧ የላትም። ኢንተርኔት ከሌለ ስትበራ ሰዓቷ ወደ ኋላ ይቀራል። ያኔ ዛሬ የሞላነው ውጤት የቆየ ቀን ይይዝና የትኛው አዲስ፣ የትኛው አሮጌ እንደሆነ ይጠፋናል። ማስረጃውን አንዴ መንገድ ላይ ጥሎ ለመጣ ተማሪ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

መፍትሔው ዲኤስ3231 የሚባል፣ በራሱ ባትሪ የሚቆጥር የሰዓት ቺፕ መግጠም ነው። ቺፑ የሚያውቀውን ሁሉ ሬጅስተር በሚባሉ፣ ቁጥር በተሰጣቸው ትናንሽ ሣጥኖች ያስቀምጣል፤ 0 ሰከንድ፣ 1 ደቂቃ፣ 2 ሰዓት ነው። አይ2ሲ-ቱልስ የተባለው ፕሮግራም ከተጫነ፣ ሊኑክስ ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ (እኛ በድምፁ ጻፍነው፤ እናንተ በላቲን ፊደል)፦

አይ2ሲጌት -ዋይ 1 0ኤክስ68 0ኤክስ02

1 የመስመሩ ቁጥር፣ 68 የቺፑ አድራሻ፣ 02 የሰዓቱ ሣጥን ነው። መልሱ 0ኤክስ06 ከሆነ 6 ማለት ነው። ቺፑ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ሱዳን ከጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ወዲህ ከእሱ 2 ሰዓት፣ ኢትዮጵያ ደግሞ 3 ሰዓት ይቀድማሉ። ስለዚህ ያ 6 በእኛ አቆጣጠር ቱነይድባ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ አገር ቤት 3 ሰዓት ነው። ልዩነቱን አይታችሁ ቺፑ ተሳስቷል እንዳትሉ!

ዋናው ጉዳይ ግን ወዲህ ነው። ባትሪው ሞቶ የቆመ ቺፕም ሲጠየቅ ሰዓት ከመናገር አይመለስም። እውነቱን የሚናገረው ሌላ ሣጥን ነው። በ02 ፈንታ 0ኤክስ0ኤፍ ብላችሁ ጠይቁ። ከኤክስ ቀጥሎ ያለው አሃዝ 0 ከሆነ እመኑት። 8 ከሆነ ግን ቆጠራው አንድ ጊዜ ተቋርጧል፤ ባትሪውን አይታችሁ፣ ሰዓቱን አስተካክላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ውጤት መዝግቡ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ «ጌት» ያነባል፣ «ሴት» ግን ይጽፋል። ሳታውቁ አትሞክሩት። ኮምፒውተሩ «ቺፑ ተይዟል» ካላችሁም አታስገድዱት፤ የላቦራቶሪውን ኃላፊ ጥሩ።

እስከሚቀጥለው እትም በቸር እንሰንብት።