ለልጆቹ ትምህርት ብለን ከተማ ቀየርን፤ የታመመችው ግን እናቴ ነበረች



በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ከምትጠይቁኝ ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፦ «ዶክተር፣ ትልቁን ከተማ ለቀን ጥሩ ትምህርት ቤት ያለበት ትንሽ ከተማ ብንገባ ለልጆቹ አይሻልም ወይ?» ሁልጊዜ «እንደ ሁኔታው ነው» ብዬ ነበር የማልፈው። ዛሬ ግን በራሴ ቤት የደረሰውን ልንገራችሁ፤ ሐኪም ሆኜ ያጠፋሁትን ጭምር።

ከሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን አዮዋ ሲቲ የገባነው በሐምሌ ወር ነበር። ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በመኪና ሁለት ቀን ፈጀብን። መኪናው ውስጥ አምስት ነበርን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ13 ዓመቷ ልጃችን፣ የ8 ዓመቱ ወንድሟና እናቴ።

ለምን አዮዋ ሲቲ? አንደኛ እዚያ ሥራ አገኘሁ። ሁለተኛ ከተማዋ ለልጆች ተብላ የተሠራች ትመስላለች። ነዋሪዋ ወደ 75,000 ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 የተመሠረተው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ መሀል ከተማ ላይ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2008 «የሥነ ጽሑፍ ከተማ» ብሎ ሰይሟታል። ኪራዩ ከሲልቨር ስፕሪንግ ጋር አይወዳደርም። 50 ደቂቃ ይፈጅብኝ የነበረው የሥራ መንገድ 10 ደቂቃ ሆነ።

ትምህርት ቤቱን ለሦስት ወር አጠናን። አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት በአብዛኛው የሚወሰነው በመኖሪያ አድራሻ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን መረጥን፤ ከዚያ በዙሪያው ቤት ፈለግን። ከ10 ስንት አገኘ የሚሉ ድረ ገጾችን እያገላበጥን እናመሽ ነበር።

እናቴን ግን ማንም አልጠየቃትም። «እማ፣ ልንሄድ ነው» አልኳት። «እናንተ ካላችሁበት ምን ቸገረኝ፣ ልጄ» አለች። በዚሁ አለቀ።

«እዚህ አገር ሰው የለም እንዴ?»

ጃንዋሪ ላይ አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ገባሁ። እናቴ መስኮቱ ሥር ወንበር ስባ ተቀምጣለች። ውጭው በረዶ ነው። «ልጄ፣ እዚህ አገር ሰው የለም እንዴ? ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሰው በእግሩ ሲያልፍ አላየሁም» አለችኝ። እንደ ቀልድ ሳቅኩ። ፊቷን ሳየው ግን ሳቄ ጠፋ። ከስታለች።

ግፊቷን ለካሁት፤ 178 በ102። አምስት ደቂቃ አሳርፌ ደገምኩት፤ ያው ነው። «እማ፣ መድኃኒትሽን ወስደሻል?» ዝም አለች። ጠርሙሱን አምጥቼ ባየው ባዶ ነው። ካለቀ ስድስት ሳምንት ሆኖታል! የድሮ ሐኪሟ የጻፈላት አልቋል፤ አዲስ ሐኪም ደግሞ አልያዝኩላትም። ቀን ሙሉ የሌላ ሰው እናት ግፊት ስለካ እየዋልኩ የራሴን እናት ረስቻታለሁ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት «ሥራ በዝቶብህ እያየሁ? ደግሞ ምንም አላመመኝም» አለች።

ይህችን ዐረፍተ ነገር ያዙልኝ። ደም ግፊት ብዙ ጊዜ አያምም። «አላመመኝም» ማለት «የለብኝም» ማለት አይደለም። ከ180 በ120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዕይታ መደብዘዝ፣ የአፍ መተሳሰር ወይም የአንድ ጎን መዛል ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

እናቴ ሲልቨር ስፕሪንግ እያለች ከቤት ወጥታ እንጀራ ትገዛለች፣ ባለሱቁን በአማርኛ ታወራዋለች፣ ቅዳሜ ቡና ጠሪ አያጣትም። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ «መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም ነበር። እኔ ከዚያ ሁሉ ሰው ነጥቄ በረዶ የምታይበት መስኮት ሰጠኋት።

ሁሉም ኤ፣ ምሳው ግን ሳይነካ ይመለሳል

በዚያው ሰሞን የትልቋ ልጃችን ውጤት መጣ። ሁሉም ኤ። ደስ ብሎን ሳንጨርስ ባለቤቴ አንድ ነገር አስተዋለች፤ የምሳ ዕቃዋ በየቀኑ ሳይነካ ነው የሚመለሰው። ቀስ ብላ ጠየቀቻት። «ካፍቴሪያ ውስጥ አብሬው የምቀመጠው ሰው የለኝም፤ በምሳ ሰዓት ላይብረሪ ነው የምገባው» አለች። ከሴፕቴምበር ጀምሮ!

ትንሽ ከተማ ውስጥ ልጆቹ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ይተዋወቃሉ። ቡድኑ ተሠርቶ አልቋል። የ8 ዓመቱ ልጃችን ኳስ ይዞ ወጥቶ በሳምንቱ ጓደኛ አፈራ። 13 ዓመት ላይ ግን እንደዚያ አይደለም፤ በዚያ ዕድሜ ጓደኛ ማለት ግማሽ ማንነት ነው። ከ10 ዘጠኝ ያገኘ ትምህርት ቤት ልጃችሁ ምሳዋን ከማን ጋር እንደምትበላ አይነግራችሁም። ያ ቁጥር በአብዛኛው የፈተና ውጤት ነው፤ የፈተና ውጤት ደግሞ የወላጅን ኪስ ተከትሎ የሚሄድ ነገር ነው።

እንግዲህ ከዚያ ክረምት የተማርኩትን በተራ ላስቀምጥላችሁ።

1. ከመነሳታችሁ በፊት ወረቀትና መድኃኒት

ቋሚ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢያንስ የሦስት ወር ይዞ ይነሳ። ሐኪማችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። አዲስ ሐኪም የሚያዘው ከመሄዳችሁ በፊት ነው፤ ቀጠሮ ወራት ሊወስድ ይችላል። ሜዲኬይድ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ ከስቴት ስቴት አይዘዋወርም፣ እንደ አዲስ ነው የሚመለከተው።

ለልጆች የክትባት ካርድ ዋናውን በእጅ ያዙ፤ ዕቃ የጫነ መኪና ላይ አይላክም። አዮዋ ከክትባት ሌላ የራሷ መስፈርት አላት፤ ለመዋዕለ ሕፃናትና ለ9ኛ ክፍል የጥርስ ምርመራ ትጠይቃለች፣ መዋዕለ ሕፃናት ለሚገቡ ደግሞ የደም ሊድ ምርመራ። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግ ስላለው ቀድማችሁ ጠይቁ።

2. ቤቱን ስታዩ ስለ ሬዶን ጠይቁ

እኛም ከመጣን በኋላ ነው የሰማነው። ሬዶን ከአፈርና ከድንጋይ የሚወጣ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጨረራማ ጋዝ ነው። በመሠረት ስንጥቅ በኩል ገብቶ ቤዝመንት ውስጥ ይጠራቀማል። አሜሪካ ውስጥ ከሲጋራ ቀጥሎ ዋናው የሳንባ ካንሰር መነሻ እሱ ነው፤ በዓመት ወደ 21,000 ሰው እንደሚገድል የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ይገምታል። ከአዮዋ 99 ካውንቲዎች አንዱም ሳይቀር በከፍተኛ ሥጋት ዞን ውስጥ ነው። የልጃችን መኝታ ቤት ደግሞ ቤዝመንት ነበር!

መመርመሪያው ርካሽ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ይሸጣል። ውጤቱ 4 ፒኮኪዩሪ በሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ይታረም ይባላል። የእኛ 7 መጣ። አከራያችን ጋዙን ከወለሉ ሥር ስቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቱቦና ቬንትሌተር አስገጠመልን፤ ከዚያ ወደ 2 ወረደ። ተከራይ ነኝ ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ ጠይቁ።

3. ለክረምቱ ተዘጋጁ

አዲስ አበባ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ አለች። አዮዋ ሲቲ ዲሴምበር ላይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትጠልቃለች። ብትወጣም ጨረሯ ደካማ ስለሆነ ቆዳችን በቂ ቫይታሚን ዲ አይሠራም፤ ጠቆር ላለ ቆዳ ደግሞ ይብሳል። በአጠቃላይ ከ1 እስከ 70 ዓመት ላለ ሰው በቀን 600 ዩኒት፣ ከ70 በላይ ለሆነ 800 ዩኒት ይመከራል። ከዚያ የበዛውን ያለ ሐኪም ምክር አትዋጡ፤ ሲበዛ ይጎዳል። ጠዋት በብርሃን ትንሽ መራመድ ለስሜትም ለእንቅልፍም ይጠቅማል። በረዶ ላይ የማያንሸራትት ጫማ ለአያቶች ቅንጦት አይደለም፤ የዳሌ አጥንት ስብራት መከላከያ ነው።

4. የልጆችን ስሜት ከውጤታቸው ለይታችሁ እዩ

ቤት በተቀየረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማኩረፍና ማልቀስ ያለ ነው። ግን ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን የሚከፋት፣ የምትወደውን ነገር የተወች፣ እንቅልፏ ወይም ምግቧ የተዛባ ከሆነ ሐኪም ይያት። ስለ መሞት ካወራች ነገ አይባልም፤ የዚያኑ ዕለት ነው። አሜሪካ ያላችሁ 988 ደውሉ፣ ነፃ ነው።

ስትጠይቋቸው «ትምህርት እንዴት ነበር?» አትበሉ፤ መልሱ «ጥሩ» ነው። «ዛሬ ምሳ ከማን ጋር በላሽ?» በሉ። እኛ ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጋር ተነጋገርን፤ ኦርኬስትራ አስገባቻት። ጓደኛ አንድ ብቻ ነው ያፈራችው፤ አንድ ግን በቂ ነበር። የምሳ ዕቃው ባዶውን መምጣት ጀመረ።

5. አያቶችን በምክክሩ አስገቡ

ብቸኝነት የስሜት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የያኔው የአሜሪካ ዋና የጤና መኮንን ዶክተር ቪቬክ ሙርቲ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ምክር፣ ደካማ ማኅበራዊ ግንኙነት የልብ ሕመም ሥጋትን በ29 በመቶ፣ የስትሮክን በ32 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ ጽፈዋል። ስለዚህ «እማ ከማን ጋር ትውላለች?» የሚለው ጥያቄ እንደ ግፊት መድኃኒቱ መታየት አለበት።

ለእናቴ መፍትሔው ከእኔ አልመጣም። አዮዋ ሲቲ ውስጥ ብዙ ሱዳናውያን አሉ። የልጄ የክፍል ጓደኛ አያት ሱዳናዊት ናቸው፤ አንድ ቀን ልጁን ሊወስዱ መጡና እናቴ ጀበና ጥዳ አገኟት። እናቴ ዐረብኛ አትችልም፤ እሳቸውም አማርኛ አይችሉም። «ጀበና» የሚለውን ቃል ግን ሁለቱም ያውቁታል! ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ አብረው ናቸው። ምን እንደሚያወሩ እስካሁን አልገባኝም፤ ሲስቁ ግን እሰማለሁ። ግፊቷ አሁን 130 በ80 አካባቢ ነው። መድኃኒቱም ቡና የምትጠጣበት ሰውም ድርሻ አላቸው ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ መሄዳችን ስህተት ነበር?

አይደለም። ልጆቹ ጥሩ ይማራሉ፤ እኔም እራት ሰዓት ቤት እደርሳለሁ። ስህተቱ አምስት ሰው ይዘን ለሁለት ሰው ብቻ ማሰባችን ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ወይም ሐዋሳ ብትገቡም ነገሩ ያው ነው፤ ትምህርት ቤቱን ከማየታችሁ በፊት የቤቱን ሰው በሙሉ አስቀምጣችሁ «አንተ እዚያ ከማን ጋር ትውላለህ? አንቺስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ያጣው ሰው ነው ቀድሞ የሚታመመው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ከሕፃናት ሆስፒታሉ ጋር ጎን ለጎን ነው። ጨዋታ ባለ ቁጥር የመጀመሪያው ሩብ ሲያልቅ ተመልካቹ በሙሉ ፊቱን ወደ ሆስፒታሉ አዙሮ፣ በመስኮት ለሚያዩት የታመሙ ሕፃናት እጁን ያውለበልባል። ከ2017 ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው። በሁለተኛው ዓመታችን እናቴ ይህን በቴሌቪዥን ስታይ ዝም ብላ ቆየችና እሷም እጇን አነሳች። «ለካ እዚህም ሰው አለ» አለች።

እናንተስ ቤት ስትቀይሩ ማንን ረስታችሁ ነበር? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ቤት ለመቀየር ለሚያስብ ሰው ደግሞ ሼር አድርጉለት።

ጤና ይብዛላችሁ!