ለደረቀ ዓይን የዓሣ ዘይት እንክብል ወይስ የቤታችን ተልባ?

በዚህ ወር የጤናና የአመጋገብ ዓምዳችን፣ ብዙዎች ወደ መድኃኒት ቤት ብቅ እያሉ ስለሚጠይቁን የዓይን ድርቀት እናወጋለን። ዓይናቸው አሸዋ እንደገባበት የሚቆረቁራቸው፣ የሚያቃጥላቸው፣ ማታ ማታ ቁርኣን ለመቅራት ወይም ለማንበብ የሚቸገሩ ወንድሞችና እኅቶች «ኦሜጋ ሦስት ይጠቅማል ሲሉ ሰማሁ፤ የዓሣ ዘይት ስጡኝ» ይላሉ። እንክብሉ ርካሽ አይደለም። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

እንባ ውኃ ብቻ አይደለም

ዓይናችንን የሚሸፍነው ስስ እንባ ሦስት ነገሮች አሉት። አንደኛው እንባውን ከዓይናችን ጋር የሚያያይዘው ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ሁለተኛው ውኃው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከላይ የሚንሳፈፍ ስስ ቅባት ነው። ይህን ቅባት የሚያመነጩት በዓይን ቆባችን ጠርዝ ላይ የተደረደሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ናቸው። ቅባቱ ለውኃው ልክ እንደ ድስት ክዳን ያገለግላል። ዕጢዎቹ ሲደፈኑ ወይም ሲቆጡ ክዳኑ ይሳሳል፤ ውኃውም ቶሎ ይተናል። «ዓይንሽ ደርቋል» የተባለች ሴት «ኧረ እኔስ እንባዬ ይፈሳል!» ብላ የምትገረመውም ለዚህ ነው። የተቆጣ ዓይን ውኃ ያፈሳል፤ ቅባቱ ስለጎደለ ግን ውኃው ዓይን ላይ አይቆይም።

ኦሜጋ ሦስት ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ኦሜጋ ሦስትና ኦሜጋ ስድስት ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችል፣ ከምግብ የምናገኛቸው የቅባት ዓይነቶች ናቸው። ሁለቱም ያስፈልጉናል። ሰውነታችን ከኦሜጋ ሦስት ቁጣን የሚያበርዱ ንጥረ ነገሮችን ይሠራል። በደረቀ ዓይን ላይ ደግሞ ቁጣ ስላለ፣ «ኦሜጋ ሦስት ቢጨመርስ?» የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ከ32 ሺህ በላይ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ኦሜጋ ሦስት ያለበትን ምግብ በተለይም ቱና ዓሣ አብዝተው የሚመገቡት በዓይን ድርቀት የመያዝ ዕድላቸው አነስተኛ መሆኑን አሳየ። ሆኖም ዓሣ አዘውትሮ የሚበላ ሰው በሌላም አኗኗሩ የተለየ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሌላ ፈተና አስፈለገ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ጥናት፣ የዓይን ድርቀት ያለባቸው 535 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። ከፊሎቹ በየቀኑ 3 ግራም የዓሣ ኦሜጋ ሦስት፣ የቀሩት ደግሞ የወይራ ዘይት እንክብል ለአንድ ዓመት ወሰዱ። የትኛውን እንደሚወስዱ አያውቁም ነበር። በመጨረሻ የሁለቱም ወገን ሕመም ቀለለ፤ በመካከላቸው ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሌላ ትልቅ ጥናትም፣ ከ23 ሺህ በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ፈተና፣ በቀን 1 ግራም የዓሣ ዘይት ከአምስት ዓመት በላይ መውሰድ ድርቀቱን እንዳልተከላከለ አሳይቷል።

እንግዲህ «እንክብሉን ወስጄ ተሻለኝ» የሚል ሰው ውሸቱን አይደለም። ነገር ግን የዓይን ድርቀት በራሱ ጊዜ ይብሳል፣ ይቀላል። ብዙ ሰው እንክብል የሚጀምረው በባሰበት ሰሞን ነው።

ታዲያ ምን እንብላ?

ኦሜጋ ሦስት ያለበት ምግብ ለአጠቃላይ ጤና መልካም ነውና አትተዉት። ሰርዲን፣ ማኬሬልና ሳልሞን በኦሜጋ ሦስት የበለጸጉ ናቸው። የሐይቆቻችን ቆሮሶ ከእነርሱ ያነሰ ቢኖረውም ጥሩ ምግብ ነው። ተልባችን ደግሞ ከዕፅዋት ሁሉ በዚህ የታወቀ ነው፤ ከዘይቱ ግማሽ ያህሉ ኦሜጋ ሦስት ነው። ይሁንና የተልባው ዓይነት ከዓሣው ይለያል። ሰውነታችን ወደ ዓሣው ዓይነት የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ነው። የኑግና የሱፍ ዘይት በአብዛኛው ኦሜጋ ስድስት ሲሆኑ፣ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግን ኦሜጋ ሦስት የለውም ማለት ይቻላል።

ተልባ የተፈጨ እንደሆነ ቶሎ ይበላሻልና ጥቂት በጥቂት እየፈጫችሁ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ። ከበቂ ውኃ ጋር ጠጡት። ከመድኃኒት ጋር በአንድ ጊዜ አትውሰዱት። ማንኛውንም ዘይት ግን ፈጽሞ ዓይናችሁ ውስጥ አታድርጉ!

እንክብል መግዛት ከፈለጋችሁ ልባሱን ጠይቁ። ልባሱ የሚሠራበት ጄላቲን ከከብት፣ ከዓሣ ወይም ከአሳማ ሊሆን ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱና የልብ ምት መዛባት ያለባችሁ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ።

ከዚህ የበለጠ የሚረዳው

• ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ (በማያቃጥል) ውኃ ነክራችሁ በተጨፈኑ ዓይኖች ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አድርጉ፤ ከዚያ ቆቡን ቀስ ብላችሁ እሹ። የረጋው ቅባት ይለሰልሳል።
• ስልክና ኮምፒዩተር ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን ማርገብገብ እንረሳለን። በየመሐሉ አርግቡ፣ ራቅ አድርጋችሁ ተመልከቱ።
• ከማገዶ ጭስ፣ ከሲጋራና ፊት ለፊት ከሚነፍስ ቬንቲሌተር ራቁ።
• ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለው ጠብታ ይረዳል። በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የምትጠቀሙ ከሆነ ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ጠይቁ።
• የምትወስዱትን መድኃኒት ለባለሙያ ንገሩ። አንዳንድ የአለርጂና የድብርት መድኃኒቶች ዓይን ያደርቃሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን አደራ! ዴክሳሜታዞን ያለበትን ጠብታ ጎረቤት ስለሰጣችሁ ወይም ባለፈው ስለረዳችሁ ብቻ አታድርጉ። ቅላቱን በቀን ያጠፋዋል፤ ያለ ሐኪም ክትትል ሲቆይ ግን የዓይን ግፊት ከፍ አድርጎ፣ ሞራ አምጥቶ ብርሃን ያሳጣል።

በረመዷን ጠብታ ማቆም አለብን ወይ ለምትሉ፣ ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳለፈው ውሳኔ የዓይን ጠብታ ጾም አያፈርስም ብሏል። ተልባውን ለኢፍጣር፣ ውኃውን ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ከፋፍላችሁ ጠጡ።

ማየት ከቀነሰ፣ ኃይለኛ ሕመም ካለ፣ ብርሃን ማየት ካስቸገረ ወይም የዓይን ፀጉር ወደ ውስጥ ታጥፎ ከወጋ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ዓይን ሐኪም ሂዱ። ልጅ ማታ ማታ ማየት ከተሳነው ደግሞ የቫይታሚን ኤ እጥረት ሊሆን ስለሚችል ሌላ ሳትሞክሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የዓይን ብርሃን ከታላላቅ ኒዕማዎች አንዱ ነው። አላህ ለሁላችንም ይጠብቅልን። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ወሰላሙ ዓለይኩም።