ያውቁ ኖሯል? የልጅ ልጅ ስም አያት መቼ እንደሞቱ ይጠቁማል

የአሽከናዝ (የመካከለኛውና የምሥራቅ አውሮፓ) አይሁዶች በልማዳቸው በሕይወት ባለ ዘመድ ስም ልጅ አይሰይሙም፤ የሟች ስም ግን ብዙ ጊዜ ቀጥሎ ለሚወለድ ሕፃን ይሰጣል። የዘር ሐረግ አጥኚዎች የሞት መዝገባቸው የጠፋ አያቶችን ዘመን የሚገምቱት በዚህ ነው። እንበል፣ መንደል የተባሉ አያት ሁለት የልጅ ልጆች በ1868 እና በ1871 (እ.ኤ.አ.) ተወልደው ሁለቱም መንደል ተባሉ። በ1863 የተወለደው ታላቅ ወንድ የልጅ ልጅ ግን ሌላ ስም ይዟል። እንግዲህ አያት የ1868ቱ ሕፃን ከመወለዱ በፊት መሞታቸው እምብዛም አያጠራጥርም። በ1863 በሕይወት ነበሩ ማለት ግን ግምት ብቻ ነው፤ ያ ልጅ በእናቱ ወገን ሟች ተሰይሞ ይሆናላ!

በመቃብር ድንጋይ ላይ «ሞሼ ቤን ሞሼ» (የሞሼ ልጅ ሞሼ) የሚል ሲገኝ ደግሞ ነገሩ ያሳዝናል፤ ብዙውን ጊዜ አባትየው ልጁ ሳይወለድ ሞቷል ማለት ነው።

ስሌቱ ለሴፋርድ (ከስፔንና ከፖርቱጋል ለመነጩ) አይሁዶች አይሠራም። እነሱ ዘንድ አያት በሕይወት እያሉ የልጅ ልጅ በስማቸው ይጠራል፤ እንዲያውም እንደ ክብር ይቆጠራል። ስለዚህ ዓመት ከመቁጠርዎ በፊት ቤተሰቡ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ያረጋግጡ።