ከሰባት ጎል በኋላ

አዲስ አበባ፣ አያት ላይ፣ ከቀላል ባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ኮንዶሚኒየሞቹ መሃል፣ ቅዳሜና እሁድ ወንበር የማይገኝበት ዲኤስቲቪ ቤት አለ። አርሰናል ወይም ማንቸስተር ዩናይትድ የሚጫወት ከሆነ ዘግይቶ የመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ ነው የሚያየው። የ2015 የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሲከፈት ግን እዚያው ቤት ወንበር እንደልብ ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከከፍተኛ ሊግ ገና የመጣውን ኢትዮጵያ መድንን ባሕር ዳር ላይ 7 ለ 1 አሸነፈ። ቤቱ ውስጥ የነበርነው ጥቂት ሰዎች ከአራተኛው ጎል በኋላ ስለ መድን ያወራነው ስለ ወራጅ ቡድን በሚወራበት ድምፅ ነው። እኔም በልቤ አውርጄዋለሁ።

መድን ግን በቀጣዮቹ ሳምንታት ማሸነፍ ጀመረ። አንዱን ድል ሌላው ተከተለው፤ ሰባት ጎል የገባበት አዲስ አዳጊ ያን ዓመት ከመሪዎቹ ተርታ ሳይወጣ ጨረሰ። በ2017 ደግሞ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ።

በየዓመቱ ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ ስለ ሊጉ የምናወራው በአንድ ቃል ነው፤ «ያልተጠበቀ»። ያልተጠበቀ መሪ፣ ያልተጠበቀ ሽንፈት፣ ያልተጠበቀ አዲስ አዳጊ። ቃሉ ራሱ ያሳስተናል ብዬ አምናለሁ። ሊጉ በ1990 ከተጀመረ አንስቶ እስከ 2009 በተካሄዱት 20 የውድድር ዘመናት ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻውን 14 ዋንጫ ወስዷል። የቀሩትን ስድስት መብራት ኃይልና ሐዋሳ ከተማ ሁለት ሁለት፣ ኢትዮጵያ ቡናና ደደቢት አንድ አንድ ተካፈሉ። በዚያ ዘመን በጥቅምት ወር አናት ላይ የሚታይ እንግዳ ስም በእርግጥም ያልተጠበቀ ነበር፤ ፈረሰኞቹ ጊዮርጊሶች ጥር ላይ ቦታቸውን እንደሚያስመልሱ ማንም ያውቅ ነበርና። ከ2010 እስከ 2017 ያለው ግን ሌላ ሊግ ነው። በኮሮና ምክንያት የተሰረዘውን የ2012ን ውድድር ትተን በቀሩት ሰባት ዓመታት ጅማ አባ ጅፋር፣ መቐለ 70 እንደርታ፣ ፋሲል ከነማ፣ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክና ኢትዮጵያ መድን ፕሪሚየር ሊጉን ለመጀመሪያ ጊዜ አሸንፈዋል። የቀሩት ሁለቱ የጊዮርጊስ ናቸው። ከሰባት ሻምፒዮኖች አምስቱ አዲስ ከሆኑ፣ ያልተጠበቀው የሊጉ መደበኛ መልክ ሆኗል ማለት ነው።

ከሁሉም የሚደንቀኝ የጅማው ነው። አባ ጅፋር በ2010 ሲመጣ አዲስ አዳጊ ነበር። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ 23 ጎል አገባ፤ ቡድኑም ከጊዮርጊስ ጋር በነጥብ ተስተካክሎ በጎል ልዩነት ዋንጫውን ወደ ጅማ ወሰደ። አሰልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ በቀጣዩ ዓመት መቐለን ሻምፒዮን አደረጉ። መድንንም ለ2017ቱ ዋንጫ ያበቁት እሳቸው ናቸው። ከሰባቱ ሦስቱ በአንድ ሰው እጅ አልፈዋል፤ ሦስቱም ከዚያ በፊት ሊጉን አሸንፈው በማያውቁ ክለቦች። ስለ እኚህ ሰው የሥራ ዘዴ መጽሐፍ ሊጻፍ ይገባው ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ጅማ አባ ጅፋር ዋንጫውን ካነሳ በኋላ ደሞዝ መክፈል አቃተው፤ ተጫዋቾቹ ልምምድ አቆሙ፣ በየዓመቱ የምናውቀው ፊት ከቡድኑ ጠፋ። በ2014 ወረደ። መቐለን ያቆመው ደግሞ ኳስ አይደለም። የትግራይ ጦርነት ሲነሳ የክልሉ ክለቦች ከ2013ቱ ውድድር ውጭ ሆኑ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ዋንጫ ያነሳው ቡድን የሚጫወትበት ሊግ አጣ። ሲመለሱ ከሻምፒዮኑ ስብስብ የቀረ የለም ማለት ይቻላል።

የኛ ሊግ ጅማሬ ለምን እንዲህ እንደሚገለባበጥ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ክረምቱን ይመልከት። አብዛኛው ክለብ የከተማ አስተዳደር ወይም የመንግሥት ድርጅት ንብረት ነው። በጀቱ ሐምሌ 1 ይከፈታል፤ ዝውውሩም የሚሟሟቀው ያኔ ነው። ተጫዋቹ የሚፈርመው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ስለሆነ በነሐሴ ካምፕ የሚገባው ቡድን በሰኔ ከተበተነው ጋር የሚመሳሰለው በማልያው ቀለም ብቻ ነው። እንዲህ ሆኖ ሲጀመር ያለፈው ዓመት ደረጃ ምንም አይነግርም። በቶሎ የተሰባሰበና በጊዜ ዝግጅት የጀመረ ቡድን ትልቁን ስም በሦስተኛው ሳምንት ይጥለዋል። አሰልጣኙ ቀድሞ የሚያውቃቸውን ልጆች ይዞ ከመጣማ ይብሳል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን የገንዘብ ጉዳይ ነው። በጥቅምት ከላይ የምናየው ቡድን የካቲት ላይ የሚንሸራተተው አብዛኛውን ጊዜ እግሩ ደክሞት አይመስለኝም፤ ደሞዙ ሁለትና ሦስት ወር ዘግይቶበት ነው። ክለቦቹ በ2011 ክረምት የአንድ ተጫዋች የወር ደሞዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። የስምምነቱ ሐሳብ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ከጀርባ የሚከፈል ገንዘብ ወሬ ግን ከዚያም በኋላ አልቆመም። ንግድ ባንክን እዩት። ከሊጉ ወርዶ የወንዶች ቡድኑ እስከ መፍረስ የደረሰ ክለብ ነው፤ ሴቶቹ በዚያ ሁሉ ጊዜ ዋንጫ በዋንጫ ላይ እየደረቡ ነበር። ወንዶቹ እንደገና ተቋቁመው፣ ከከፍተኛ ሊግ አልፈው፣ በመጡበት ዓመት በ2016 ከመቻል ጋር እስከ መጨረሻው ተናንቀው ሻምፒዮን ሆኑ። አሰልጣኙ በጸሎት ልዑልሰገድ ቡድኑን ከታችኛው ሊግ ይዘውት የመጡ ናቸው። ጥሩ አሠልጥነዋል፤ ደሞዝ በሰዓቱ የሚገባበት ቤትም ነበራቸው።

ለዚህ መገለባበጥ ሜዳውን በምክንያትነት የሚያነሱ አሉ። ከ2013 ወዲህ ውድድሩ በአንድ ከተማ እየተሰበሰበ፣ ከጅማ ባሕር ዳር፣ ከድሬዳዋ ሐዋሳ እየዞረ ሲካሄድ ቆይቷል። በዚያው ዓመት ሱፐርስፖርት ለአምስት ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር የቴሌቪዥን መብቱን ገዝቶ ነበርና ለካሜራውም ተመቸ። በዚህ አካሄድ የሜዳ ባለቤት የሚባል የለም፤ ጊዮርጊስም ቡናም አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ የነበራቸውን ጩኸት አጡ። ይህ ጅማሬውን ይበልጥ ክፍት እንዳደረገው አልክድም። ግን ጅማና መቐለ ያሸነፉት ውድድሩ በደርሶ መልስ፣ በየራሳቸው ሕዝብ ፊት በነበረበት ጊዜ ነው። ጊዮርጊስም ሁለቱን የመጨረሻ ዋንጫዎቹን የወሰደው እየተዞረ ነው። ሜዳው ብቻውን አይገልጸውም።

የሚያሳዝነኝ የዚህ አካሄድ ሌላው ገጽታ ነው። በ2008 ሥራ የጀመረው ባቡር ከአያት ተነስቶ በሲኤምሲ፣ በመገናኛ፣ በመስቀል አደባባይ አድርጎ ስታዲየም በር ላይ ያወርዳል። ለሙሉው መንገድ ያኔ 6 ብር ነበር የሚከፈለው። ቢጫም ቡናም ማልያ የለበሰ ልጅ ከአያት ተሳፍሮ፣ እየዘፈነ ሄዶ፣ ተናድዶም ተደስቶም በዚያው ባቡር ይመለስ ነበር። ስታዲየሙ ለእድሳት ሲዘጋ ጣቢያው «ስታዲየም» እንደተባለ ቀረ። በቦሌ በኩል በ2008 የተጀመረው፣ 62,000 ሰው እንዲይዝ የታሰበው የአደይ አበባ ስታዲየምም ዓመታት አልፈውት ሊጉን አላስተናገደም። ዛሬ የአሥር ዓመት ልጅ የሆነ የአያት ኳስ ወዳድ የቡካዮ ሳካን ቁጥር ያውቃል፤ የመድንን ግብ ጠባቂ ስም ግን ብንጠይቀው የት አይቶ ይነግረናል?

መድን የ2017ን ዋንጫ ሲያነሳ እዚያው ዲኤስቲቪ ቤት ነበርኩ። ከሰባት ጎሉ ቀን ጀምሮ አሰልጣኙን ያልቀየረ ክለብ ነበር፤ ይህ በኛ አገር ከዋንጫው ይልቅ ብርቅ ነው። ቤቱ በዚያም ቀን አልሞላም። የነበርነው ግን ዋንጫው እስኪነሳ ከወንበራችን አልተነሳንም፤ ባለቤቱም ሌላ ጣቢያ ላይ የሚጀምር ጨዋታ ነበረውና ሪሞቱን ይዞ ቆሞ ጠበቀን።